ባርካ ሳይሆን በርቃ፦ ስለ ሷሊሕ አብዱልመጂድ የስንብት ወረቀት

የምስክሩ ስም፦ ዓለሙ ኃይለ ማርያም (በአካባቢው አጠራር የኔታ ዓለሙ)
ዕድሜ፦ 64 ዓመት
ሥራ፦ ቀድሞ በደብረ ሲና የንባብ መምህር፤ አሁን ማስተማር የተወ
አድራሻ፦ ሸዋ ሮቢት፣ ከገበያው በላይ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ዳር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ግንቦት 16 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ
ቦታ፦ ሸዋ ሮቢት፣ በጦር ሰፈሩ ውስጥ ባለው የምርመራ ክፍል
ቃሉን የጻፈው፦ የጣቢያው ጸሐፊና አስተርጓሚ ታከለ ይርዳው
የሚላክለት፦ አስመራ፣ ለወታደሮች መዝገብ ያዥ

ከሁሉ በፊት ይህን የሚያነብ ሰው ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባርካና በርቃ ሁለት አገር ናቸው። ባርካ ከከረን በታች፣ በኤርትራ ቆላ ያለ አገር ነው፤ ከአስመራ በእግር ይደረሳል። በርቃ ከባሕር ማዶ፣ በመርከብ ብዙ ቀን ተጉዘው የሚደርሱበት የዐረቦች አገር ነው፤ የጣሊያን መንግሥት ቺሬናይካ እያለ ይጠራዋል። በመጀመሪያው አገር በዚያ ዘመን ጦርነት አልነበረም። በሁለተኛው ነበረ። አሁን በዚህ ጣቢያ የታሰረው ሷሊሕ አብዱልመጂድ ለጣሊያን መንግሥት በአስካሪ ወታደርነት ያገለገለውና የቆሰለው በሁለተኛው ነው፤ የስንብት ወረቀቱ ግን የመጀመሪያውን ይላል። ወረቀቱ ካልታረመ ሰውየው ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጧት በጭነት መኪና ከሚወሰዱት እስረኞች ጋር ይወሰዳል።

እኔ በደብረ ሲና ሠላሳ አንድ ዓመት የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ልጅ ንባብ አስተምሬአለሁ። በ1921 ዓ.ም. ብርዱ ደረቴን ስለ ጎዳው ወደ ቆላው ወርጄ እዚሁ ሮቢት ተቀመጥኩ። የፈረንጅ ፊደል ከአንድ የሚሲዮን ሰው ተምሬ አነባለሁ፤ ቋንቋውን ግን አላውቅም። ስለዚህ በፈረንጅ ፊደል ስለ ተጻፈ ነገር ስመሰክር የምመሰክረው ስለ ድምፁ ነው እንጂ ስለ ትርጉሙ አይደለም። ትርጉሙን የነገረኝ ሰው ካለ ማን እንደሆነ እናገራለሁ።

ሷሊሕን ያወቅሁት በኅዳር ወር 1919 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አላስታውስም፤ ቆላው ማሽላ የሚያጭድበት ሰሞን እንደነበር አስታውሳለሁ። እርሱ የቀወት ገበሬ ነው። በሁለት አህያ ማሽላ ጭኖ ወደ ደብረ ሲና ገበያ በወጣበት ቀን፣ ከሰዓት በፊት ወደ ቤቴ መጣ። ወረቀቱን በቅባት ጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ነበር። «የኔታ፣ የፈረንጅ ፊደል ያነባሉ አሉኝ። እስቲ ምን ብለው እንደጻፉኝ ይንገሩኝ» አለ። ስሙን ስፈልግ ሳሌ የሚል አገኘሁና ነገርኩት። «ሳሌ ማነው?» አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። «ሷውን ዋጡት፣ ሕውንም አስከትለው ዋጡት። የአባቴስ ስም?» አለ። አብዱል ይላል፣ ከወገቡ ቆርጠውታል አልኩት። «እሱስ ደግ ነው፤ አባቴ ጉልበቱን ያመው ነበር» ብሎ ሳቀ። ይህን ቀልድ የማስመዘግበው በመዝገብ ውስጥ ሲፈለግ ሷሊሕ አብዱልመጂድ ተብሎ ሳይሆን ሳሌ አብዱል ተብሎ መፈለግ እንዳለበት ለማሳወቅ ነው።

ቀጥዬ ያገለገለበትን አገር ባርካ ብዬ አነበብኩለት። ወዲያው «በርቃ ነው» አለኝ። የተጻፈው ባርካ ነው አልኩት። ደግሜ አነበብኩለት፤ ደግሞ በርቃ ነው አለኝ። በዚህ ጊዜ አስቀምጬ ጠየቅሁት። የነገረኝ ይህ ነው። በ1913 ዓ.ም. ከአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር ግመል እየነዳ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ፤ በጀልባ ወደ ምጽዋ ተሻገረ፤ በ1914 ዓ.ም. አስመራ ላይ አስካሪ ሆነ። በ1916 ዓ.ም. ከምጽዋ በመርከብ ተጭኖ በርቃ ወረደ። በጥር ወር 1917 ዓ.ም. በዚያ ቆሰለ። ሲመለስ የመጀመሪያው ወረቀቱ በመርከቡ ላይ ረጥቦ ተበላሸ። በሐምሌ 1918 ዓ.ም. አስመራ ላይ የስንብት ወረቀቱን እንደገና የጻፈለት ጸሐፊ የት እንዳገለገለ በቃል ጠየቀው፤ እርሱም ዐረቦቹም አስካሪዎቹም አገሩን እንደሚጠሩት በርቃ አለ። ጸሐፊው ቀ የሚባለው ድምፅ በአፉም በጆሮውም ስለሌለ የሚያውቀውን ባርካን ጻፈ።

ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም ወረቀቱን ባዶ እንደሚያደርገው ነገርኩት። ማመልከቻ ልጻፍልህ፣ አስመራ ይላክና ይታረም አልኩት፤ ቀለምም አነሳሁ። እጄን ያዘው። «ይተዉት የኔታ። ስህተቱ ይመቸኛል» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ይህን ነገረኝ። በጥቅምት ወር ሲመለስ ከባሕሩ ዳር እስከ አሊዩ አምባ የመጣው ከነጋዴዎች ጋር ነው። ከየት ነው የመጣኸው ሲሉት ከባሕር ማዶ አላቸው። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ በቆርቆሮ ውኃ ይዞ ነበር። እርሱ አሊዩ አምባ አንድ ቀን ሲያርፍ ወሬው ቀድሞት ቀወት ገባ፤ ሲገባም ባሕር ማዶ የተባለው መካ ሆኖ ገባ። መንደሩ ድቤ እየመታ ወጥቶ ተቀበለው። የገዛ እናቱ ሐጂ ብለው እጁን ሳሙት። ቆርቆሮውን አይተው ዘምዘም የሚባለው የመካ ውኃ ነው ወይ አሉት፤ ዝም አለ። ጠጡት። «እኔ መካ ደረስሁ ብዬ አንድ ቀን አላልኩም፣ ወላሂ። አልደረስሁም ማለት ግን አቃተኝ» አለኝ። ወረቀቱ በርቃ ብሎ ቢታረም፣ ከነጋዴው አንዱ አስነብቦት በርቃ ላይ የሚዋጉት እስላሞች መሆናቸውን ለመንደሩ ይነግራል ብሎ ፈራ። ባርካ ቢባል ግን ማንም ምንም አይለውም።

በዚያው ዕለት የደብረ ሲና ብርድ ትከሻውን እያሳመመው ስለነበር የሚቀባ ነገር አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝና ሸሚዙን ገለጠ። ከቀኝ አንገት አጥንቱ በታች የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠባሳ አየሁ። ከኋላ፣ ከትከሻው አጥንት አጠገብ፣ ጥይቱ የወጣበት የአንድ ብር ስፋት ያለው ሌላ ጠባሳ አየሁ። ይህን በዓይኔ ያየሁት በ1919 ዓ.ም. ነው፤ ከማይጨው ጦርነት ዘጠኝ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የበግ ላት በጤና አዳም አሽቼ ሰጠሁት። ማመልከቻውን አልጻፍኩም። መጻፍ ይገባኝ ነበር። ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእኔም ነው።

ረቡዕ ግንቦት 3 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሮቢት ገበያ ማሽላ ስገዛ ነበርኩ። ሰኞ ዕለት ከደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ላይ በመንግሥት መኪና ላይ ተኩስ ተከፍቶ እንደነበር ቀድሞ ተወርቶ ነበር። ወታደሮች ገበያውን ከአራቱም በኩል ከበቡ። ሴቶች ወደ አንድ ወገን እንዲሆኑ፣ ወንዶች ሸሚዛቸውን አውልቀው እንዲሰለፉ ታዘዘ። የጠመንጃ ማንገቻ ትከሻውን ያሻከረው ሰው፣ የጥይት ጠባሳ ያለበትም ሰው ከሰልፉ እየተሳበ ወጣ። አሥራ ሁለት ሰዎች ወጡ። አሥራ ሁለተኛው ሷሊሕ ነበረ። ከሴቶቹ ወገን አንዲት «ሐጂን ደግሞ ምን አደረገና!» ብላ ጮኸች። የጣቢያው ሹም በአስተርጓሚው በታከለ አማካይነት ጠባሳው የምን እንደሆነ ጠየቀው። ሷሊሕ ዙሪያውን የቆመውን የመንደሩን ሰው አየና አልመለሰም። ለምን እንደማይመልስ በዚያ ገበያ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእርሱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

ዐርብ ግንቦት 5 ቀን የሷሊሕ ሚስት ጣይባ ያንኑ የስንብት ወረቀት ከሣጥን አውጥታ ለጣቢያው አስረከበች። ማንበብ አትችልም። ማኅተም ያለበት የመንግሥት ወረቀት ባሏን ይጠቅማል ብላ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የሰማሁት ከታከለ ነው። ሹሙ መጀመሪያ ደስ አለው፤ ይህ ሰው የእኛ ወታደር ነበረ ብሎ ለሷሊሕ ውኃ አስጠጣው፣ ከእግር ብረቱም አስፈታው። ከሰዓት በኋላ ግን ወረቀቱን በዝግታ አነበበና በባርካ ጦርነት አልነበረም፣ ታዲያ ይህ ጥይት ከየት መጣ አለ። እግር ብረቱ ተመለሰ።

እሑድ ግንቦት 7 ቀን ሼህ ሙሳ የተባሉት የመንደሩ ሽማግሌ ከሌሎች አራት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው፣ ሷሊሕ በእነዚያ ዓመታት መካ እንደነበረና ጠባሳውም በጂዳና በመካ መካከል ሐጃጆችን የሚዘርፉ ሽፍቶች የተኮሱበት እንደሆነ በቁርኣን ማሉ። እንደዚያ ብላ የነገረቻቸው ሚስቱ ናት፤ ለእርሷም ከ1919 ወዲህ እንደዚያ ብሎ የነገራት እርሱ እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች። ሽማግሌዎቹ ያመኑትን ነው የማሉት፤ የሐሰት ምስክር ሊባሉ አይገባም። ሹሙ ግን ወረቀቱንና መሐላውን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ወረቀቱ ባርካ ይላል፣ ሽማግሌዎቹ መካ ይላሉ፣ ጠባሳው ማይጨው ይላል። ሦስት አገር በአንድ ጊዜ የነበረ ሰው አላየሁም» ማለቱን ታከለ ነግሮኛል። ወዳጆቹ ሊያድኑት ያመጡት ሁሉ ገመዱን አጠበቀበት።

ሐሙስ ግንቦት 11 ቀን በገበያው ከተያዙት መካከል አሥራ አንዱ በጭነት መኪና ተወሰዱ። ሷሊሕ የቀረው የወረቀቱ ነገር ስላልተቋጨ ነው። ቤቴ ከመንገዱ በላይ ስለሆነ ሲያልፉ ቆጥሬአቸዋለሁ። መኪናው ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ወጣ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ባዶውን ተመለሰ። ለቤተሰቦቻቸው የተነገራቸው ወደ ደብረ ብርሃን እንደ ተወሰዱ ነው። በዚህ ዓመት በመጋቢት ወር እኔ ራሴ በጭነት መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄጄአለሁ፤ ዳገቱን ለመውጣት ብቻ ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅቶብናል። ታከለ እዚህ ላይ ብዕሩን አንሥቶ «ይቺ ትቅር የኔታ» ብሎኛል። እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ይህን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ረቡዕ የሚመጣው መልስ ሐሙስ ከሚመጣው ለምን እንደሚለይ ለማስረዳት ነው።

በማግሥቱ ዐርብ ግንቦት 12 ቀን፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጣይባ ወደ ቤቴ መጣች። ስንቅ ስታቀብለው ሷሊሕ «ወረቀቱን ያነበቡት የኔታ ናቸው» ብሏት ነበር። ከደጃፉ ሳትገባ «የኔታ፣ እኔ ያወጣሁት ወረቀት ነው የሚገድለው?» አለችኝ። የተጻፈው ይገድለዋል፣ ያልተጻፈው ያድነዋል ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለታመመ ሁሉ በጠብታ የምናጠጣው ዘምዘም የየት ውኃ ነው?» አለች። የምጽዋ የጉድጓድ ውኃ ሳይሆን አይቀርም አልኳት። «የሼህ ሙሳ እናት ጠጥተውት ከወባ ተነሥተዋል እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰች። ለጣቢያው ልናገር ወይስ ልተው ብዬ ጠየቅኋት። ባሏ በመንደሩ ውስጥ የሚያጣውን ነገር አልሸሸግኋትም። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ «ሐጂነቱ ለእነሱ ይሁን። ሰውየው ለእኔ» አለችኝና ሄደች።

እሑድ ግንቦት 14 ቀን ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ሷሊሕን በእስር ቤቱ አጥር ሥር አነጋገርሁት። ከስቷል፤ ግን ቀልዱ አልተወውም። «የኔታ፣ ያነበቡልኝ ወረቀት ይኸው አነበበኝ» አለኝ። ነገሩን ለሹሙ ልናገር ነው አልኩት። «አይሆንም» አለ። ታዲያ ትሞታለህ አልኩት። «ሐጂ ሆኜ እሞታለሁ። ሼህ ሙሳ ጀናዛዬ ላይ ይቆማሉ፣ መንደሩ ይሰግድብኛል። እርስዎ ከተናገሩ ደግሞ እኖራለሁ፤ ማን ሆኜ?» አለኝ። በርቃ ላይ ምን እንዳየ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ሳልጠይቀው ነገረኝ። «እነሱ ከሸለቆው ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ነበርን። ጎህ ሲቀድ አዛን ሰማን። የእነሱ ነበር። እኛም እስላሞቹ በኮዳ ውኃ ውዱእ አድርገን በእነሱ አዛን ሰገድን። በአንድ አዛን ሁለት ሰፈር ሰገደ። ሲያበቃ ተኩስ ተከፈተ። እኔን የመታኝ ያ አዛን ያለው ሰው ይሁን ሌላ፣ አላህ ያውቃል። እኔ የመታሁትንም እሱ ያውቃል» አለኝ። ከዚያ አጥሩን ይዞ «ይህንን ነው በገበያ የሚያስነግሩብኝ?» አለ። እንዳላስነግርብህ የምችለውን አደርጋለሁ አልኩት። «የሚችሉት ምንም የለም» አለኝ። ተነሥቼ ስሄድ ግን ከኋላዬ «ጣይባ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዛሬ ቃሌን እየሰጠሁ መሆኔን አያውቅም።

ሰኞ ግንቦት 15 ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ በራሴ ፈቃድ ወደ ሹሙ ቀረብኩ። ማንም አልጠራኝም። ባርካና በርቃ ሁለት መሆናቸውን በታከለ በኩል አስረዳሁ። ሹሙ ታከለን ሁለቱን ስሞች እንዲጠራ አዘዘው፤ ታከለ ጠራቸው። ሹሙ አንድ ነው አለ። ደግሞ ጠራቸው፤ ደግሞ አንድ ነው አለ። በዚህ ጊዜ ክርክሩ በጆሮ እንደማያልቅ ገባኝና በከሰል መሬቱ ላይ ቀ እና ከ ጻፍኩ። «በእኛ ቋንቋ ውኃ የቀዳ ሰውና ጌታውን የከዳ ሰው የሚለያዩት በዚች ፊደል ብቻ ነው። አንዱ ይመሰገናል፣ አንዱ ይሰቀላል። ጆሮዎ ባይለያቸውም ሕጉ ይለያቸዋል» አልኩ። ታከለ ሲተረጉመው ሹሙ ፊደሎቹን ጎንበስ ብሎ አየ። በርቃ የሚባለው አገር የት እንደሆነ ሲጠይቅ ታከለ ራሱ «ቺሬናይካ ነው ጌታዬ፤ ቤንጋዚ ያለበት» ብሎ መለሰለት። በዚህ ጊዜ ሹሙ ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣ።

ያን ጊዜ ወረቀቱን ተቀብዬ ከጀርባው ያለውን አሳየሁ። በ1919 ዓ.ም. ፊቱን ብቻ ነው ያነበብኩት፤ ጀርባውን ያስተዋልኩት ገና ትላንት ነው። ግማሹ የደበዘዘ ሰማያዊ ማኅተም አለበት፤ የአስመራው ጸሐፊ የስንብቱን ቃል የጻፈው ሷሊሕ ከመርከብ ሲወርድ በተሰጠው ወረቀት ጀርባ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ምጽዋ የሚለውን እኔ አነበብኩ። ቀሪውን «ከመርከብ የወረደ፣ ሰኔ 1926» ብሎ የተረጎመው ታከለ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን በእኛ 1918 ነው። ከባርካ ወደ አስመራ ባሕር የለም፤ በባርካ የነበረ ሰው ምጽዋ ላይ ከመርከብ ሊወርድ አይችልም አልኩ። ሹሙ አስቦ፣ ከአሰብም በመርከብ ወደ ምጽዋ ይመጣል አለ። ይህ እውነት ነው፤ አልካድኩም። ማኅተሙ ነገሩን ያቀርበዋል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጋው በ1916 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ቺሬናይካ የተጫኑት ሰዎች ስም ያለበት፣ አስመራ የሚገኘው መዝገብ ብቻ ነው።

ሹሙ በዚህ ተስማማ። የምስክርነት ቃሌ ተጽፎ ዋናው ነገር በቴሌግራም ወደ አስመራ እንዲተላለፍ፣ ሙሉው ደግሞ በፖስታ እንዲከተል ፈቀደ። ቀጥሎ ያለውን ታከለ ሁለት ጊዜ እንዲተረጉምልኝ አደረገ። መልስ እስከ ረቡዕ ማታ ካልመጣ፣ ወይም ሰውየው በመዝገቡ የለም የሚል መልስ ከመጣ፣ ሷሊሕ ሐሙስ ይሄዳል፤ ለከዳተኛ በሐሰት የመሰከረ ሰውም አብሮ ይሄዳል። ከክፍሉ ስንወጣ ታከለ «እርስዎን ማን አስገደደዎት የኔታ? ሌሊቱን ያስቡበትና ነገ አይምጡ፣ እኔ ታመዋል እላለሁ» አለኝ። ያሰብሁት በ1919 ነው፣ አሁን ነገ እመጣለሁ አልኩት።

በዚህ ቃል ውስጥ ጸሐፊው በሁለት ቦታ በርቃ ማለት ሲገባው ባርካ ጽፎ ስለነበር ሰርዤ በላዩ አስተካክዬ በኅዳጉ ፈርሜአለሁ። ወደ ጣሊያንኛ ሲተረጎም ቺሬናይካ ተብሎ እንዲጻፍ አመለክታለሁ። ይህ ቃል በገበያ እንዳይነበብ፣ በአዋጅም እንዳይነገር፣ ሷሊሕ ቢፈታ እንኳ ምክንያቱ ለእርሱ ለብቻው እንዲነገረው ጠይቄአለሁ። ሹሙ በዚህ ላይ እሺም እንቢም አላለም።

በዓይኔ ያየሁትን አየሁ፣ ከሰው የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ ለይቼ ተናግሬአለሁ። ከዚህ የጨመርኩት የለም፤ የሚጎዳኝን ጨምሮ የሸሸግሁት የለም። ሲነበብልኝ ቃሌ መሆኑን አውቄ ፈርሜአለሁ።

ምስክሩ፦ ዓለሙ ኃይለ ማርያም (ፊርማ)
ቃሉን የጻፈውና ያነበበው፦ ታከለ ይርዳው (ፊርማ)
ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ተፈጸመ።

(ከፊርማው በታች በምስክሩ እጅ የተጨመረ)

አስመራ ለሚገኙት መዝገብ ያዥ። ከፈረምኩ በኋላ ሹሙ መልሱ እስኪመጣ ከግቢው እንዳልወጣ ስላዘዘ ይህን፣ በቴሌግራሙ አብሮ እንዲላክ፣ ልጨምር ተገድጃለሁ። ሳሌ አብዱል የሚለውን ስም በ1916 ዓ.ም.፣ ማለት በእናንተ በ1923 እና በ1924 ባለው መዝገብ ይፈልጉልን። ረዥም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ተሻግሯል ወይም አልተሻገረም የሚል አንድ ቃል ይበቃል። ነገ ረቡዕ ከመምሸቱ በፊት በቴሌግራም ይመልሱልን። ወደ ቤቴ አይላኩት፤ እዚሁ ጣቢያ ነኝ።